አረንጓዴዋ ምልክት

ለዘገባ ሱዳን ውስጥ ወዳለችው ዶካ ሄጄ ያረፍኩት እማማ ትርንጎ የሚባሉ የጎንደር ሴት ቤት ነበር። ልጃቸው ሊቢያ ሲደርስ ኢሜይል እንደሚልክላቸው ነግሯቸው ከሄደ ወር አልፎታል። «በረሃ በልቶት ነው» እያሉ እህል አይቀምሱም።

በአጥር ወደሚዋሰናቸው የኢሜይል ሱቅ ይዣቸው ሄድኩ።

«ኡስታዝ፣ ምልክቷ አረንጓዴ ናት» አለኝ ሱዳናዊው ባለሱቅ፣ በአገሩ የአክብሮት አጠራር፣ ኮምፒውተሩን እያሳየኝ። «ፕሮግራሙ ራሱ ኢንተርኔት መኖሩን ይፈትሻል። ወላሂ ምንም አልመጣላቸውም።»

አጠገቡ ካለችው የኢንተርኔት ሳጥን ወደ ጣሪያ የሚወጣውን ገመድ ነቀልኩት። ምልክቷ አልጠፋችም። ለካስ ፕሮግራሙ የሚፈትሸው ኮምፒውተሩ ከሳጥኗ ጋር መገናኘቱን ብቻ ነው! ጣሪያው ላይ ወጣሁ። «ኢንተርኔት የሚቀበለው የሳተላይት ሳህን የለም!» ብዬ ጮህኩ።

«ሳህን?» አሉ እማማ ከታች፣ ክው ብለው። «ያ ነፋስ ጓሮዬ የጣለው እንዳይሆን? ባሚያ አስጥቼበታለሁ እኮ፣ ልጄ!»