የአንደኞች ትምህርት ቤትና የአዝመራው ፈረስ

ሰው በልጁ ሲኮራ ማየት ደስ ይላል። የአዝመራው ኩራት ግን ከመታየቱ በፊት ይሰማ ነበር።

አዝመራው በአገው ምድር የጥርባ ገበሬ ነው። ድንች ይተክላል፤ በፈረሰኞች ማኅበር ውስጥ ደግሞ በጉሮሮው ይታወቃል። ልጁ ምሥራቅ ከአንደኛ ክፍል እስከ ስምንተኛ ከአንደኝነት ወርዳ አታውቅም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ካርድ በተሰጠ ቁጥር ፈረሱን ጭኖ «አንደኛ! ዘንድሮም አንደኛ!» እያለ የቆሰበርን ገበያ ሰንጥቆ ያልፋል። ነጋዴዎቹም «የአንደኛ አባት መጣ፣ ዕቃችሁን ሰብስቡ!» ይባባሉ ነበር።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ቆሰበር ላይ ልዩ የሳይንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አጀማመሩን ሳስበው ዛሬም ያስቀኛል። ሕንፃው ስላላለቀ በውሰት ክፍሎች ተጀመረ። ማይክሮስኮፑ ከጠረጴዛው ቀድሞ ደረሰ፤ ልጆቹም የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠው የዘንገና ሐይቅን ውሃ በተራ አዩበት። ተማሪዎቹ ከየወረዳው በፈተና የተለቀሙ ናቸው፤ እዚያው እያደሩ ይማራሉ። ምሥራቅም አንዷ ነበረች። ሁሉም በየትምህርት ቤታቸው አንደኛ ነበሩ። እኔ በጡረታ ዘመኔ የወላጅ ኮሚቴ አባል ነበርኩና ነገሩን ብዙ ጊዜ አሰላስየዋለሁ። አንደኞችን ሁሉ አንድ ክፍል ብትሰበስብ ከመካከላቸው አንዱ የግድ ውራ ይወጣል። ይህ ቀላል ሒሳብ ነው። ልብ ግን ሒሳብ የሚገባው ዘግይቶ ነው።

የመጀመሪያው መንፈቅ አልቆ የወላጆች ቀን ሲቃረብ ምሥራቅ ለአባቷ ደወለች።

«አባዬ፣ ብቻህን ና።»

አዝመራው ስልኩን ዘግቶ ሳቀ። «ልጄ ጨዋ ናት፤ መታየት አትወድም» አለና ማኅበሩን በሙሉ ጠራ።

እነ አዝመራው አንድ ደንብ አላቸው። ለደስታ የተሸለመ ፈረስ ባዶ ጀርባውን አይመለስም። ደስታ የገባውን ሰው ፈረስ ላይ አውጥተው ሳያዞሩ ወደ ቤት መግባት ነውር ነው። ስለዚህ በዚያ የካቲት ጠዋት ፈረሶቹ ቀይ ግላስ ለብሰው፣ ቃጭላቸውን እያንቃጨሉ ከትምህርት ቤቱ በር ተኮለኮሉ። ባጃጆች መንገድ አጥተው ጡሩምባቸውን ይነፋሉ። አዝመራው ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ ብቻውን ወደ ግቢ ገባ።

ምሥራቅን ከባሕር ዛፉ ሥር ቆማ አገኛት። ፊቷን ሲያይ እርምጃው ቀዘቀዘ።

«ምነው ምሥሬ? አሞሻል?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ?»

«ውራ ወጣሁ፣ አባዬ።»

የሰማው አልመሰለም። «ከስንት?» ብሎ ጠየቃት፤ ከስንትም ቢሆን ውራ ውራ መሆኑን የዘነጋ ይመስል።

«ከሁሉም። ወደ ቤት ውሰደኝ። የቀድሞ ጓደኞቼ ካሉበት ትምህርት ቤት ልመለስ። እዚያ አንደኛ እወጣልሃለሁ።»

«እወጣለሁ» ሳይሆን «እወጣልሃለሁ» አለችው። አዝመራው ያቺን ቃል ሰማና አፉን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ። ያን ሁሉ ዓመት ገበያ ለገበያ የጮኸው ለእሷ ደስታ መስሎት ነበር። ለካ ልጅቷ የአባቷን ድምፅ ተሸክማ ነበር የምትማረው።

ቀና ብሎ ግቢውን ቃኘ። ወላጆች በየጥጉ ውጤት ይዘው ቆመዋል፤ ሁሉም የአንደኛ አባት፣ የአንደኛ እናት ነበሩ። ዛሬ አሥራ ሁለተኛ፣ ሃያ ስድስተኛ እየተባሉ ነው። ግቢው ለቅሶ ቤት መስሏል። በዚህ መሐል ከበሩ ላይ ደሴ፣ የማኅበሩ ቀልደኛ፣ ጮኸ።

«አንተ አዝመራው! ፈረሶቹ ሊያረጁ ነው እኮ! ዘፈኑን እንጀምር ወይስ ምሳችንን እንብላ?»

አዝመራው ጉሮሮውን ጠረገ። «አንደኛ የወጣው የማን ልጅ ነው?» ሲል ግቢውን ሁሉ ጠየቀ።

ከግድግዳው ሥር አንዲት ሴት በፍርሃት እጇን አነሣች። ምህረቴ ትባላለች፤ አዘና ገበያ ላይ ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች። ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና፣ ሰው እንዳያይባት ጥግ ይዛ ነበር። ልጇ ምስጋናው እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፍቶ አጠገቧ ቆሟል።

«የኔ ነው። ምን አጠፋ?» አለች።

«ምንም አላጠፋም፣ እታለም። ፈረሴ እየጠበቀዎት ነው፤ ይውጡ።»

«ኧረ በጊዮርጊስ! እኔ በቅሎ እንኳ ወጥቼ አላውቅ!»

«እሱም የአዘና ሰው ተሸክሞ አያውቅም፤ ትለማመዳላችሁ!» አለ ደሴ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ደግፈው አወጧት። ምስጋናውን ደሴ ከኋላው አፈናጠጠው። አዝመራው ልጓሙን በእጁ ይዞ፣ በእግሩ እየሄደ፣ ያን የታወቀ ጉሮሮውን ለቀቀው። «አንደኛ! የምህረቴ ልጅ፣ አንደኛ!» ፈረሰኞቹ በአገውኛ ተቀበሉት። ሃያ ስድስተኛ የተባለችው ልጅ እናት እልል አለች፤ የአሥራ ሁለተኛው አባት ጋቢውን ጥሎ እስክስታ ወረደ። ሜዳውን ሲዞሩ ምህረቴ መጀመሪያ የፈረሱን አንገት አቅፋ ነበር። በሁለተኛው ዙር ግን ቀጥ ብላ እጇን ለሕዝብ ታወዛውዝ ጀመር።

ምሥራቅን አየኋት። መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች፤ የራሷን ዜማ ለሌላ ልጅ ሲዘፈን መስማት ቀላል አይደለም። ከዚያ አባቷ ከደስታው ብዛት ሲደናቀፍ አየችና ሳቋ አመለጣት። ያ ድምፅ ለእሷ ብቻ የተሰጠ ዕዳ አልነበረም። አባቷ ሲፈጥረው ደስታ ወዳድ ነው፤ ለማንም ይጮሃል።

ሰልፉ ምህረቴን ከአዘና መኪና ሊያደርስ ወደ መናኸሪያ ሲሄድ አዝመራው ድምፁ ተዘግቶ ተመለሰ።

«በይ፣ ዕቃሽን አምጪ።»

«ለምን?»

«ውሰደኝ አላልሽም?»

ምሥራቅ በጫማዋ አፈሩን ቆፈረች። «አንድ ሰው ብቻ ብበልጥ ትናደዳለህ?»

«ማንንም ባትበልጪ አልናደድም።»

«እንግዲያው ሂድ። ለምሳ ተሰልፈዋል፤ ካልፈጠንኩ እዚያም ውራ ልሆን ነው» ብላ ሮጠች።

አዝመራው በሳቅ እንባውን ሲጠርግ ደሴ እየጋለበ ደረሰ።

«ጉድ ፈላ! ሴትዮዋ አልወርድም አሉ። መኪና ምን ያደርግልኛል፣ አዘና ድረስ በዚሁ ፈረስ አድርሱኝ ብለዋል።»

«አድርሷቸው እንጂ!» አለ አዝመራው፤ ጋቢውን አጣፍቶ የጥርባን መንገድ በእግሩ ጀመረ።