ለአንድ ዓመት የተገዛ ስም

እድላዊት ወልደገብርኤል ከነገሌ ቦረና ነዋሪ ለግማሽ ያህሉ ኢሜይል ያወጣች ሴት ናት። ዲቪ የሚሞላ፣ ሥራ የሚያመለክት፣ የፈተና ውጤት የሚጠብቅ ሁሉ ከገበያው ዳር ባለችው የጽሕፈትና የኮፒ ቤቷ አልፏል። የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ትሰጣለች፤ ወረቀቱ ሲጠፋ ባለቤቱ ተመልሶ ወደ እርሷ ይመጣል፤ እርሷም ታስታውሰዋለች። በዚህ ሁሉ ዓመት የማንንም ደብዳቤ ከፍታ አንብባ አታውቅም። ይህ ሊመሰገንላት ይገባል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ ሌላ የሚመሰገን ብዙ የለም።

አባቷ የቀድሞው ሠራዊት አሥር አለቃ ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ትውልድ አገሩ ወደ መንዝ የሚመለስበት ፊት አጣና እዚያው ነገሌ ቀረ። እድላዊት የተወለደችው በዚያው ዓመት ነው። መሬት የለው፣ ጎሳ የለው፣ የሚያውቀው ሙያ ጠመንጃ ብቻ፤ ሰውዬው በከብት ገበያ ደላላ ሆነ። በዚያ ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሻጭና ገዢ እጃቸውን በጋቢ ሥር አያይዘው ጣት በመጨበጥ ይደራደራሉ፤ ደላላው በመካከላቸው ቆሞ ያግባባል። ታዲያ በቦታው አንድ የማይጻፍ ሕግ አለ፤ ከሁለት በሬ ውዱን ያመሰገነ ደላላ ከሻጩ በልቷል ተብሎ ይጠረጠራል። አሥር አለቃው ብዙ ጊዜ ተጠርጥሯል፤ ከነዚህም ጊዜያት በአንዳንዱ እውነት በልቶ ነበር። ልጁ በትምህርት ቤት ግቢ «የደላላ ልጅ» እየተባለች አደገች።

ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. የራሷን የኮፒ ቤት ስትከፍት የዋጋ ዝርዝሯን አትማ በግድግዳ ለጠፈች። ለዘመድም አልቀነሰች፣ ለእንግዳም አልጨመረች። አንድ ሰው «የቱ ይሻለኛል?» ብሎ ሲጠይቃት «እንደ ምርጫዎ» ትላለች። ይህንን ሐቀኝነት ብላ ትጠራው ነበር።

በጥር 2011 አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አዴ ዲንኪቱ ወደ ቤቷ ገቡ። አዴ ዲንኪቱ ከሊበን ቆላ ሙጫና ከርቤ የሚለቅሙ የአርባ አንድ ቤተሰቦች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው፤ ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት።

«አካም፣ እድሌ? ናጋ?»

«ናጋ ነው፣ አዴ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ስም ግዢልን።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። አዴ ዲንኪቱ በአዲስ አበባ ባዛር ላይ አንድ የውጭ ሙጫ ገዢ አግኝተዋል። ሰውዬው ናሙናውን አሽትቶ፣ በጥርሱ ሰብሮ፣ ወዶታል። ነገር ግን ሁለት ጊዜ በሐሰተኛ ሻጭ ተጭበርብሯልና ቁርጡን ነገራቸው፤ ማኅበሩ በራሱ ስም የተመዘገበ የድረ ገጽ ስምና በዚያ ስም የሚጻፍበት ኢሜይል ይኑረው፤ ከዚያ አድራሻ ውጪ ለሚመጣ ደብዳቤ መልስ አይሰጥም። ከዚህ በፊት ሙጫውን የሚወስደው በመኪና እየዞረ በፈቀደው ዋጋ የሚጭን ነጋዴ ብቻ ነበር። ስሙን ማግኘት ማለት ገዢውን ማግኘት ነው፤ ስሙን ማጣትም እንዲሁ።

እድላዊት ነገሩን ለአባላቱ ለማስረዳት ወደ መጋዘናቸው ሄደች። አባላቱ ከደጁ ባለው ግራር ጥላ ተቀምጠው ጠበቋት። እነርሱ ዘንድ እጅ አውጥቶ መቁጠር የለም፤ ተቃዋሚ እስኪጠፋ ድረስ ይነጋገራሉ፤ አንድ ሰው እንኳ ቅር ካለው ጉዳዩ ያድራል። በአገሩ የቆየ ደንብ ነው፤ ብዙ ጠብ አስቀርቷል።

«የድረ ገጽ ስም የሚሸጡ ብዙ ድርጅቶች አሉ» አለች እድላዊት። «ሁሉም በውጭ አገር ናቸው። ባጭሩ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ርካሽ ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት ዋጋው ከአንድ ካርቶን ወረቀት አይበልጥም፤ ከዚያ በኋላ ግን ይጨምራል። ሁለተኛው ከጅምሩ ውድ ነው፤ ለአምስትም ለዐሥርም ዓመት አንድ ጊዜ ያስከፍላል፤ ስልክ ቢደወል ሰው ያነሣል።»

ሽማግሌው ኦቦ ጉራቻ ከዘራቸውን አገጫቸው ሥር ተክለው ሲያዳምጡ ቆይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ስሜን ያገኘሁት በነጻ ነው። እስካሁንም ማንም አልጠየቀኝም።»

«ይኼኛው ግን በየጊዜው ይከፈልበታል፣ ኦቦ ጉራቻ።»

«ካልተከፈለስ?»

«ሌላ ሰው ይወስደዋል።»

«እንዴት ይወስደዋል? የማን እንደሆነ እየታወቀ? ግመል እንኳ ምልክቱ ታይቶ ይመለሳል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አዴ ዲንኪቱ ግን አልሳቁም። «እድሌ፣ አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትገዢ ነበር?» አሉ።

እድላዊት መልሱን ታውቀው ነበር። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ወደራ ከተማ ላለ ሆቴል ከርካሾቹ በአንዱ ስም ገዝታ፣ ችግር ሲገጥማት ሦስት ሳምንት ሙሉ ለማሽን ስትጽፍና ማሽን ሲመልስላት ከርማለች። መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት፣ የውጭ ገንዘብ የሚከፈልበት ካርድ በማይገኝበት አገር፣ ስልክ የሚያነሣ ሰው ያለው ድርጅት ቅንጦት እንዳልሆነ ታውቃለች። አፏን ከፈተች። በዚያች ቅጽበት ከወደ ኋላ ቦናያ የሚባል ጎረምሳ አባል ጮኸ፦

«ከውዱ ስንት ይደርስሻል? የአባትሽን ገበያ ወረስሽ እንዴ?»

ሳቁ ካለፈው ይበልጥ ደመቀ። በክፋት የሳቀ አልነበረም፤ ቦናያም ቀልዱን እንደ ተናገረ ረስቶታል። የእድላዊት ፊት ግን ቀላ።

«ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው» አለች። «ምርጫው የእናንተ ነው።»

ምርጫው የእነርሱ የሚሆነው እርሷ የምታውቀውን ቢያውቁ ነበር። የምታውቀውን ይዛባቸው ምርጫውን ግን አስረከበቻቸው። ንጹሕ ሆኖ መታየትን ከመጥቀም ያስበለጠ ሰው ስሙ የሚተርፈው በሌላው ኪሳራ ነው። አባላቱ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይነጋገሩ ተስማሙ፤ ርካሹን።

ክፍያው የተፈጸመው ሺሬ በሚባል የሞያሌ ነጋዴ ካርድ ነው፤ ሱቁ ከድንበሩ ወዲያ፣ በኬንያ በኩል ነበር። ከማኅበሩ አባላት ኢሜይል የሚከፍት ስላልነበረ የባለቤቱ ኢሜይልና ስልክ በሚሞላበት ቦታ እድላዊት የራሷን ሞላች፤ ለሌላውም ሁሉ የምታደርገው እንዲሁ ነበር። ዓመቱ በሰላም አለፈ። ገዢው ጻፈ፤ በዓመቱ ሁለት ጭነት ወሰደ፤ ለሦስተኛው፣ ከሁሉ ለሚበልጠው፣ ውል ለመዋዋል በመጋቢት እንደሚጽፍ አስታወቀ። አባላቱ ለነጋዴ መሸጥ አቆሙ፤ ሙጫው በመጋዘን ተከማቸ።

በታኅሣሥ 2012 መጨረሻ የማደሻው ማስታወቂያ መጣ። ዋጋው አምስት እጥፍ ሆኗል። እድላዊት ወረቀቱን አትማ ወደ አዴ ዲንኪቱ ሮጠች።

«ጉባኤው ሳይሰማ እንዲህ ያለ ጭማሪ አልፈቅድም» አሉ። «ኦቦ ጉራቻ ደግሞ ግመል ይዘው ወደ ዳዋ ወንዝ ወርደዋል። ቦና ነው፣ ታያለሽ፤ ሣር የለም። እስኪመለሱ ይቆይ።»

«ቀኑ አይጠብቅም፣ አዴ።»

«ማነው የማይጠብቀው? ሰው አይደለም እንዴ?»

«ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው።»

«ማሽንን ደግሞ ምን ያስቸኩለዋል?»

 ለሦስት ሺህ ግመል ውኃ ተራ የሚያወጣ ጉባኤ አንድ ሽማግሌ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ቢታገሥ ጥፋቱ ለአዴ ዲንኪቱ አልታያቸውም፤ ለዚያ የሚበቃ ትዕግሥት የሌለው ሻጭ አጋጥሟቸው አያውቅማ። ኦቦ ጉራቻ በጥር አጋማሽ ተመለሱ፤ ጉባኤው ተቀመጠ፤ እንዲከፈል ተስማማ። በማግስቱ ኔትወርክ ጠፋ።

የጠፋው ኢንተርኔቱ ብቻ አልነበረም፤ ስልኩም አብሮ ጠፋ። ሰው በመጀመሪያው ቀን ስልኩን አጥፍቶ አበራ፤ በሦስተኛው ቀን በየበሩ ቆሞ ተጠያየቀ፤ በሳምንቱ መጠየቁን ተወ። በጥር 20 የስሙ ጊዜ አበቃ። ከዚያ በኋላ የሠላሳ ቀን ማራዘሚያ እንዳለ እድላዊት ታውቃለች። ማራዘሚያው ሊያበቃ ጥቂት ቀን ሲቀረው «ያቤሎ ይሠራል» ሲባል ሰማችና ሱቋን ዘግታ ተሳፈረች። መኪናው አሬሮ ላይ ተበላሽቶ አንድ ቀን አቆያት። ያቤሎ ስትደርስ መስመሩ እንደ ነገሌው ዝም ብሏል። ወደ ሞያሌ ቀጠለች፤ የኢትዮጵያው መስመር እዚያም አልነበረም፤ ከድንበሩ ወዲያ ግን የኬንያው አለ።

ሺሬ ወንበር ሳበላት። «ካርዱ ይኸው፣ ኮምፒውተሩ ይኸው። አምስት ደቂቃ ነው፣ እህቴ።»

የርካሹን ድርጅት ገጽ ከፈተች፤ ስሟንና የይለፍ ቃሏን አስገባች። ገጹ ከአዲስ ቦታ መግባቷን ዐወቀና ማንነቷን ለማረጋገጥ የቁጥር መልእክት ወደ ስልኳ እንደላከ ነገራት። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊቷ፣ ድዳ ሆኖ ተቀምጧል። ኢሜይሏን ልትከፍት ሞከረች፤ እርሱም ወደዚያው ስልክ ቁጥር ላከ።

«ደውይላቸዋ!»

«ስልክ የላቸውም።»

«እንዴት ያለ ድርጅት ነው ስልክ የሌለው?»

«ርካሹ ነው፣ ሺሬ።»

በገጹ ጥግ ባለችው የመልእክት ሣጥን ጻፈች። ወዲያው በትሕትና ተመለሰላት፤ ወደ ስልክዎ የላክነውን ቁጥር ያስገቡ። ስልኬ አይሠራም ብላ ጻፈች። ይቅርታ ጠየቃትና ቁጥሩን ኢሜይልዎ ላይ ያረጋግጡ አላት። ሦስት ቀን ሙሉ በሺሬ ሱቅ፣ በስኳር ኬሻና በጫማ ካርቶን መካከል ተቀምጣ ጻፈች። ማሽኑ አንድም ጊዜ አልተቆጣትም። በሦስተኛው ቀን ሺሬ ለራሱ ሱቅ ስም ወደገዛበት ወደ ውዱ ድርጅት ደወለ፤ ሁለት ጊዜ ጠርቶ አንዲት ሴት አነሣች፤ ነገሩን አዳምጣ፣ ማዘኗን ገልጻ፣ ስሙ እነርሱ ዘንድ ስላልተመዘገበ ምንም ሊያደርጉ እንደማይችሉ ነገረችው። እድላዊት የሴቲቱን ድምፅ ከስልኩ አፍ እየሰማች ነበር። የሠላሳው ቀን ማራዘሚያም በዚያው ሌሊት አበቃ፤ በማግስቱ ወደ ነገሌ ተሳፈረች።

መስመሩ የተመለሰው በመጋቢት መጨረሻ ነው። ስልኳ ለሩብ ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ጮኸ፤ ያረጁት የቁጥር መልእክቶች አንድ በአንድ ገቡ። ከኢሜይሎቹ መካከል የመጨረሻው ሁለት መስመር ነበር፤ ስሙ በጨረታ ለሌላ ሰው ተላልፏል። ገጹን ስትከፍተው የቁማር ማስታወቂያ ያብለጨልጫል።

በጉባኤው ፊት ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ ያቤሎን፣ ሞያሌን፣ ቁጥሩን። ቦናያ «ኔትወርክ ያጠፋው እርሷ አይደለችም» አለ። ብዙዎች «ኤዬ» ብለው ተስማሙ። አዴ ዲንኪቱ ግን ትክ ብለው አዩዋት።

«ውዱን ገዝተን ቢሆንስ?»

«ለዐሥር ዓመት አስቀድሞ ይከፈል ነበርና ዘንድሮ ማደስ አያስፈልገንም ነበር። ቢያስፈልግም በስልክ እናስረዳ ነበር።»

«ያን ቀን ስጠይቅሽ ይህን ታውቂ ነበር?»

ኔትወርኩን፣ ቦናውን፣ የጉባኤውን መዘግየት ማንሣት ትችል ነበር፤ ሁሉም እውነት ነው። 

«አውቅ ነበር» አለች።

 ኦቦ ጉራቻ ከዘራቸውን አነሡ። «ብትዋሽን ኖሮ ጉዳይሽን እናይ ነበር። ዝም ያለን ሰው በምን እንክሰሰው? ደንብ የለንም» አሉና ጉባኤ የሚዘጋበትን ምርቃት ሳያሰሙ ተነሡ።

በዚያው ሳምንት እድላዊት ከርካሹ ሳይሆን ከውዱ ድርጅት፣ በራሷ ገንዘብ፣ ለዐሥር ዓመት፣ ቀድሞ ከነበረው በጥቂቱ የሚለይ አዲስ ስም ገዛች። ከዚያ አድራሻ ለገዢው የሆነውን ሁሉ ጻፈች። መልስ አልመጣም። ደገመች፤ አልመጣም። በቀድሞው ጭነት ውል ወረቀት ላይ ወደነበረው ስልክ ስትደውል አንዲት ጸሐፊ አነሣችና ስለ አጭበርባሪዎች ጥብቅ ትእዛዝ እንዳላቸው፣ ማኅበሩ የሚለው ካለው ከሚታወቀው አድራሻው እንዲጽፍ ነግራት ዘጋች። ገዢው እንደ ቃሉ በመጋቢት ጽፎ ከሆነ ደብዳቤው ዛሬ በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ዝናቡ ገብቷል፤ በመጋዘኑ ያለው ሙጫ እርጥበት እየሳበ ይጣበቅ ጀምሯል። የዱሮው ነጋዴ መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ ካምናው በግማሽ ዝቅ ያለ ዋጋ ጠርቶ፣ ቸኩሎ እንዳልሆነ ተናግሯል። አዴ ዲንኪቱ በየሰኞው ከእድላዊት የኮፒ ቤት ደጃፍ ይቆማሉ። አይገቡም።

«መጣ?»

«አልመጣም፣ አዴ።»

«እንግዲያው ነገ ይጫናል» አሉ በአራተኛው ሰኞ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀጥ ብለው፣ ወደ መጋዘኑ አመሩ።