የማማው ጾም

ኢብሮ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ማሽላ የሚያርስ፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ ሰው ነው። በመንደሩ በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር፤ በወንጭፉና በሆዱ። ወንጭፉን ሲያስጮህ የወፍ መንጋ ከራሱ ማሳ አልፎ ከጎረቤቶቹም ማሳ ላይ ይነሣል። ሰርግ ቤት ሲገባ ደግሞ አሳላፊዎቹ እሱ ካለበት ማዕድ አይርቁም። «ለኢብሮ ጨምሩለት» ሲባል እሱ ሆዱን እየዳበሰ ይስቃል።

አሁን ግን ምግብ ያስፈራዋል።

ፍርሃቱ የመጣው ከወንድሙ ነው። ታላቅ ወንድሙ ፈይሰል ጀውሃ ላይ፣ ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት መንገድ ዳር፣ ምግብ ቤት ነበረው። ስኳር በሽታ ይዞት ብዙ ዓመት ኖረ። አንድ ክረምት የእግሩን ጣት እሾህ ወጋው። ቁስሏ ትንሽ ስለነበረች ለማንም ሳይናገር ካልሲ አልብሷት ከረመ። ሆስፒታል ሲደርስ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ኢብሮ ሊጠይቀው የሄደ ቀን ፈይሰል አንሶላውን ገለጥ አደረገና፣ «አየኸው? አሁንም ጣቴን ያሳክከኛል። የሌለውን ጣቴን» አለው። ወደ ቤቱ ሲመለስ መኪና ውስጥ ሆኖ መንገዱን ሙሉ የራሱን ጣቶች በጫማው ውስጥ ሲያንቀሳቅስ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እሱንም ውኃ ውኃ ይለው፣ ሽንት ያመላልሰው ጀመር። ሸዋ ሮቢት ሄዶ ደሙ ሲመረመር ስኳር ተገኘበት። ክኒኑን የሰጠችው ከደጋ ተመድባ የመጣች፣ ሲስተር ሐይማኖት የምትባል ነርስ ናት። ስለ አመጋገቡ ብዙ መከረችው። ክኒኑ ከምግብ ጋር እንደሚወሰድም ነገረችው። ኢብሮ ዓይኑን እሷ ላይ ይትከል እንጂ ልቡ ያለው ከፈይሰል አንሶላ ሥር ነበር። ከምክሩ ሁሉ ይዞ የወጣው፣ ምግብ ስኳርን ከፍ እንደሚያደርግ ብቻ ነው። የቀረውን መንገድ ላይ ራሱ ሞላው፤ ሲበሉ የሚጨምር ነገር ካልበሉ ይቀንሳል ብሎ ደመደመ።

ነገር ግን በእነ ኢብሮ አገር አለመብላት ቀላል አይደለም። ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው። እጁን የሰበሰበ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተቀይሟል። ሚስቱ ከዲጃ ደግሞ፣ በሽታውን ባይነግራትም፣ ምንም የማያመልጣት ሴት ናት። በመጀመሪያ እየጠቀለለ እሷን ማጉረስ አበዛ። እሷም፣ በስተርጅና የመጣ ፍቅር ነው ብላ ሳቀችበት። በኋላ ሌላ መላ መጣለት። ሰኞና ሐሙስ ግዴታ ያልሆነውን የሱና ጾም መጾም ጀመረ። ጾመኛን ማንም ብላ አይለውም። ሁለቱ ቀን እያደር ጨመረና ከጁምዓ በቀር ሁሉም ቀን ጾም ሆነ።

ሰው ይህን አይቶ አከበረው። መስጊድ ሲገባ ሽማግሌዎቹ ቦታ ይለቁለት ጀመር። ጎረቤታቸው ናጅዋ፣ ልጇ ከሄደችበት ዓረብ አገር በሰላም እንድትመለስ ዱዓ እንዲያደርግላት ለመነችው። ኢብሮ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ሲያደርግ ጆሮው ይግል ነበር። ምክንያቱም ጎህ ከቀደደ በኋላ፣ ከዲጃ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቆ፣ ክኒኑን በውኃ ይውጣል። ጾሙ ለአላህ እንዳልሆነ እሱም አላህም ያውቃሉ።

ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ የቀኑ ረሃብ ይነሣበታል። የቀረበለትን ሁሉ ሳያላምጥ ይውጣል። ከዚያ ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋል፤ ደረቱን ያቃጥለዋል። ጠዋት ሽንት ቤት ቢቀመጥ ሆዱ አይላወስለትም። ይህንንም ከስኳሩ ቆጠረው። ‹ሆዴ ውስጥ ገብቷል፤ ቀጥሎ እግሬ ነው› ይላል በልቡ። ይህን ባሰበ ቁጥር ጾሙን ያጠብቃል።

ጥቅምት ላይ ማሽላው ፍሬ ያዘና የወፍ ጥበቃው ደረሰ። ኢብሮ እንደ ወትሮው ከማሳው መካከል በአራት እንጨት ላይ በቆመው ማማ ላይ ይውል ጀመር። በዚህ ወቅት ጠባቂ ሁሉ ጥንቅሽ ያኝካል፤ አገዳው እንደ ሸንኮራ የሚጣፍጠውን ማሽላ ማለት ነው። ኢብሮ ከልጅነቱ ጀምሮ በጥርሱ እየላጠ ያደገው በሱ ነው። ዘንድሮ ግን ከማማው ሥር የበቀሉትን ጥንቅሾች ሲያይ እባብ እንዳየ ሰው ፊቱን ያዞራል።

አንድ ሐሙስ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ፣ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወንጭፉ ላይ ድንጋይ ሊያስቀምጥ ሲል ድንጋዩ ከጣቶቹ ሾልኮ ወደቀ። ላብ አጠመቀው። ላቡ የቆላው ሙቀት የሚያመጣው ዓይነት አልነበረም፤ ቀዝቃዛ ነው። ልቡ ደረቱን ይደበድበዋል። የማሽላው ራሶች ሁለት ሁለት ሆነው ታዩት። ወፎቹ መጥተው ማሳው ላይ እንደ ደመና ሰፈሩ። ሊጮኽባቸው አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣለትም። ወደ እግሩ ተመለከተ። ጣቶቹ የሌላ ሰው ጣቶች መሰሉት።

የፈይሰል ነገር መጣ፣ አለ። አንድ ፍሬ እህል ሳልቀምስ እንዲህ ከጨመረ፣ ብበላ ኖሮ ምን ሊውጠኝ ነበር? የማማውን እንጨት በሁለት እጁ ጨበጠ። ከዚያ ከፍታ ቢወድቅ ማንም እንደማያየው አሰበ።

ከዲጃ ያን ዕለት ጠዋት ወደ ውኃ ስትሄድ የጀሪካኑን ክዳን ረስታ ከመንገድ ተመልሳ ነበር። ከደጁ ሳትገባ ባሏ ፈይሰል የሚውጠውን ዓይነት ክኒን ሲውጥ አየችው። ተመልሳ ሄደች፤ ውኃዋን ቀዳች፤ እስከ ረፋድ ድረስ ነገሩን ስታወጣና ስታወርድ ቆየች። ከዚያ የማሽላ እንጀራና የማሾ ወጥ ቋጠረችና ወደ ማሳው አቀናች። ከሩቅ የገረማት ጸጥታው ነው። ኢብሮ ማማው ላይ እያለ ወፍ በዚያ ማሳ ተረጋግቶ በልቶ አያውቅም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ሮጠች፤ ወጥታበት የማታውቀውን ማማም ወጣች።

«የጣሪቅ አባት፣ ምን ሆኑ?» አለችው፣ እንደ ልማዷ በልጃቸው ስም ጠርታ።

«ስኳሩ ወጣብኝ። አትንኪኝ።»

ፊቱን ዳሰሰችው። በረዶ ነው። ምሳውን ልትፈታ ስትል እጇን ያዛት።

«ጾመኛ ነኝ።»

«ጾመኛ ክኒን ሲውጥ አይቼ አላውቅም» አለች ከዲጃ።

ኢብሮ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ወደ ማሳው ወርዳ ጥንቅሽ ሰበረች፤ በጥርሷ ላጠችው፤ ተመልሳ ከአፉ አቀረበችለት።

«ልትገድዪኝ ነው?»

«ፈይሰልን እንዲህ ሲያንቀጠቅጠው ሚስቱ ሂዳያ ስኳር በጥብጣ ስታጠጣው በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ያንን ስኳር እያጠጣች ነው እግሩን ያስቆረጠችው።»

«እግሩን ያስቆረጠው ቁስሉን ሸሽጎ መክረሙ ነው። አንቱም የሱ ወንድም ነዎት፤ መሸሸግ ያውቁበታል። ይምጠጡ።»

ኢብሮ መጠጠ። ጣፋጩ ምላሱን ሲነካው የእምነት ምስክርነቱን፣ ሸሃዳውን፣ በልቡ አለ፤ መጨረሻው የደረሰ መስሎት ነበር። ከዲጃ እየላጠች ሰጠችው፤ እሱም እየመጠጠ ሞቱን ጠበቀ። ሞቱ ቀረና እጁ ጸና። ላቡ ደረቀ። የማሽላው ራስ እንደገና አንድ አንድ ሆነ። እጁን ዘርግቶ አየውና ከቅድሙ የባሰ ፍርሃት ወረረው። እስከዛሬ ይጠብቀኛል ብሎ የተደገፈው ነገር ሊገድለው እንደነበር የገባው ያን ጊዜ ነው። ምሳውን በዝግታ በላ። ከዲጃ ወፎቹን ራሷ እየጮኸች አባረረች።

በማግስቱ ሁለቱም ሸዋ ሮቢት ወረዱ። ከዲጃ ሁሉንም ተናገረች፤ ኢብሮ መሬት መሬት እያየ አዳመጠ። ሲስተር ሐይማኖት ማማው ላይ ብቻውን እንደነበር ስትሰማ ጽሕፈቷን አቆመች። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ክኒኑ ምግብ ቢገባም ባይገባም ስኳሩን ያወርደዋል አለችው። ቀን ተርቦ ማታ አንድ ጊዜ መሙላት ስኳሩን እያወረደ ያወጣዋል፤ ሆዱንም የነፋው ይኸው ነው። ማሽላ እንጀራውን እንዳይተው፣ ግን መጠኑን ቀንሶ ማሾና ጎመኑን እንዲያበዛ፣ አላምጦ እንዲውጥ፣ ውኃ እንዲጠጣ፣ በልቶም ትንሽ እንዲራመድ መከረችው። ጥንቅሽ ለጊዜ ማሳለፊያ አይሆንም፤ ለመንቀጥቀጡ ግን ከአጠገቡ አይጥፋ አለች። ረመዳን ከመግባቱ በፊትም መጥቶ እንዲያማክራት አስጠነቀቀችው።

«ክኒን ውጠው ሳይበሉ እንዳይውሉ» አለችው በመጨረሻ። «ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይቺን አይርሱ።»

ሰኞ ቀትር ላይ ኢብሮና ከዲጃ ማማው ሥር ምሳ ሲበሉ ናጅዋ በማሳው ዳር አለፈች። ቆም ብላ አየችው።

«ጋሼ ኢብሮ፣ ዛሬ ሰኞ አይደለም እንዴ?»

መልሱን ለከዲጃ ሊተውላት ፈልጎ ነበር፤ እሷ ግን እንጀራዋን መቁረሷን ቀጠለች።

«ሰኞ ነው። ስኳር አለብኝ፤ ክኒን ውጫለሁ፤ እየበላሁ ነው። ጾሜም ጾም አልነበረም።»

ናጅዋ ጠጋ አለች። «እንግዲያ ለልጄ ያደረጉልኝ ዱዓስ?»

«እሱን አላህ ያውቃል። ነይ፣ ቅመሺ።»

ሳቀችና ተቀመጠች። ከትሪው ትንሽ ቆረሰች፤ ወጡ ጨው እንዳነሰው ለከዲጃ ነግራ ሄደች። ኢብሮም ትንሽ ወዲያ ወዲህ ብሎ ተመለሰና ጫማውን አወለቀ። ከዲጃ እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቶቹ መካከል አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። እሱ ወደ ሰማይ እያየ ትንፋሹን ያዘ፤ የራሱን እግር ለማየት አሁንም አልደፈረም።

«ምንም የለም» አለችው።

ትንፋሹን ለቀቀ። ነገም ታይለታለች፤ ነገም እንዲሁ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።