ኮሶ ጠጥታለች

ኮሶ የጠጣ ሰው አይጠየቅም። በልጅነቴ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ኮሶ የጠጣ በሩን ዘግቶ ይውላል፤ እንግዳ ቢመጣ ከደጅ ይመለሳል፣ ሹም ቢያስጠራው እንኳ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ይተወዋል። ስለዚህ ሥራ የሰለቸው፣ ከአማቱ ጋር የተጣላ፣ ሰው ፊት መቆም ያልፈለገ ሁሉ ኮሶ ጠጣሁ ይል ነበር። መድኃኒቱ ከሆድ ትሉ ይልቅ ሰውን ያባርር ነበር ብል አላጋነንኩም።

የምንኖረው አዳማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር። አባቴ የሐዲድ ሠራተኛ ስለሆነ ወደ አዋሽ በኩል ከወረደ ቶሎ አይመለስም። ቤቶቹ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ አንዱ ቤት ያሳለው ሌላው ቤት ይሰማል። መስኮት የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚያ ዓይነት ሰፈር ሲነሳ «መተሳሰቡስ!» እያሉ የሚያወሩ ሰዎች ያናድዱኛል። መተሳሰቡ ነበር፤ መተንፈሻ ግን አልነበረም።

አንድ ዓመት ፈንጣጣ ገባ። የሰፈሩ ሹም በሽተኛ በየቤቱ እያስፈተሸ፣ ከሐዲዱ ማዶ በግራር እሾህ ወዳሳጠረው ሜዳ ያስወስድ ጀመር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ሌላው እንዳይያዝ ብሎ ነው። ግን እዚያ ውስጥ ውኃ የሚያቀርብ ሰው አልተገኘም። ሲመሽ ጅቡ አጥሩን እየዞረ ሲጮህ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ከዚያ በእግሩ የተመለሰ ሰው አላየሁም።

ታላቅ እህቴን ትኩሳት የያዛት በዚህ መካከል፣ አባቴ አዋሽ ወርዶ ሳለ ነው። የታጨች ነበረች፤ ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሽፍታው ግንባሯ ላይ ብቅ ሲል እናቴ አልጮኸችም። በሩን ዘግታ መወርወሪያውን አስገባችና ወደ እኔ ዞረች።

«ማንም ቢመጣ እህትሽ ኮሶ ጠጥታለች» አለችኝ።

የሹሙ ዘበኛ መጥቶ ጠየቀ፤ «ያሽርላት» ብሎ ሄደ። በማግስቱ እናቴም ጠጣች ተባለ። ቀጥሎ ተራው የእኔ ሆነ። እንግዲህ ቤተሰቡ በሙሉ ኮሶ ላይ ነው፤ በራችንን የሚያንኳኳ ጠፋ። ችግሩም እሱ ነበር። ጎረቤት ሲያውቅ ውኃ ያቀብላል፣ እሳት ያጭራል፤ ኮሶ ለጠጣ ግን ማን ይመጣል? ውሸታችን ከሚገባው በላይ ታመነ። እንስራው ደረቀ። የአዳማ ሙቀት ከጣሪያው ሲወርድ፣ የቁስሉ ሽታ ተጨምሮበት፣ አየሩ አልዋጥ አለኝ። እህቴ ውኃ ትላለች፤ እናቴ የቀረችውን ጠብታ በጨርቅ እያደረገች ከንፈሯን ታርስላታለች። ባቡሩ ሲያፏጭ እሰማለሁ። ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው አለ፤ እኔ በራፍ እንኳ አልደርስም። ፈርቼ ነበር። ከበሽታው ይልቅ ያ መወርወሪያ ያስፈራኝ ነበር።

በግድግዳ የምንዋሰናት ጎረቤት ከወሎ የመጣች እስላም ናት፤ ውኃ እየቀዳች ለየቤቱ በማቅረብ ነበር የምትኖረው። ፊቷን ልጅ ሳለች ፈንጣጣ ጠቅጥቆታል። እናቴ ይጋባባችኋል ብላ ፊቷን እንዳናይ ትከለክለን ነበር። ያቺው ሴት ናት በር ትታ ግድግዳውን ያንኳኳችው።

«እናንተ፣ ኮሶ የጠጣ ሰው ሜዳ ሳይወጣ ይሰነብታል?» አለች።

በሰፈራችን መጸዳጃ የለም፤ ሁሉም የሚወጣው ከሐዲዱ ጀርባ ቁጥቋጦው ውስጥ ነው። ኮሶ ደግሞ አያስቀምጥም፣ ያሯሩጣል። ሦስት ሰው ጠጥቶ አንድም ወጣ ያለ የለም።

«ሹሙ ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ስላለው ይህን አያስብም» አለች ሴትዮዋ። «እኔ መንገድ ላይ ነው የምውለው። ክፈቺልኝ።»

«ካዩብኝ ይወስዱብኛል» አለች እናቴ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እኔን አንዴ ይዞኛል፣ አይደግመኝም። አብሽሪ፣ ክፈቺ።»

እናቴ ከፈተች። ሴትዮዋ እንስራዋን እንዳዘለች ገባች። ያን ቀን ፊቷን ደህና አድርጌ አየሁት፤ ከልካይም አልነበረኝ።

እህቴን አጠጥታና አጥባ ስታበቃ በቀጥታ ሹሙ ዘንድ ሄደች። በሽተኛዋ ከቤቷ አትውጣ፣ እኔ አስታምማለሁ፣ ውኃና እህል ደጃፍ ይቀመጥ፣ ሌላ ሰው አይግባ አይውጣ አለችው። ለሜዳው አስታማሚ አጥቶ ስለነበር እሺ አላት። ዘበኛው መጥቶ ደጃችንን በእሾህ ዘጋው። ውስጥ ያለነው ያው ውስጥ ነን፤ ግን አሁን ውኃ አለ። ወሬው ሲሰማ በየቤቱ ፊተ ጠባሳ ሰው ይፈለግ ጀመር። ሠርግ ላይ ከጓሮ የሚቀመጡ ሁሉ «እባክሽ ግቢልን» ተባሉ። ወደ ሜዳው የሚወሰደው ሰው እያነሰ ሄደ።

እናቴንና እኔን በሽታው ለምን እንዳለፈን አላውቅም። እህቴ ዳነች፤ ፊቷ ግን እንደ ጎረቤታችን ሆነ። ዘበኛው እሾሁን አነሳ፤ እናቴ ደግሞ ጥጉ ላይ ሸማ ጋረደችባት። ጠያቂ ሲመጣ «ኮሶ ጠጥታለች» ትላለች። ሰው ሁሉ ቢያውቅም ደንቡ ነውና «ያሽርላት» ብሎ ይመለሳል። እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ይህንን ትሰማለች። ከእሾሁ የባሰ ይህ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ፣ አባቴ ገና ሳይመለስ፣ የእጮኛዋ ሽማግሌዎች መጡ። ጠላ ቀረበላቸው።

«ልጃችንስ?» አሉ ትልቁ።

«ይቅር በሏት አባቴ፣ ኮሶ ጠጥታ ነው» አለች እናቴ።

«ያሽርላት» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ መጋረጃው ተገለጠ። እህቴ ሳትከናነብ ወጥታ፣ ብርሃኑ ከደጅ የሚገባበት ቦታ ላይ ቆማ እጅ ነሳቻቸው።

«አልጠጣሁም አባባ» አለች። «ፈንጣጣ ነበር፤ ድኛለሁ።»

እንስራውን አዝላ ወጣች። ጎረቤታችን አብረው ውኃ ሊቀዱ መንገድ ላይ ትጠብቃት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ጠላውን ሳይጨርሱ ተነሱ፤ ሠርጉ እንደቀረ ያኔውኑ ገባን። ሲወጡ እናቴ እንደ ልማዷ በሩን ልትዘጋ ሄደች። መወርወሪያውን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። እህቴ ውጭ ስለነበረች አልዘጋችውም።