አንብቤ ነው የፈረምኩት

እኛ የጥንት ሮክ ኤንድ ሮል የምንጫወት ባንድ ነበርን። ዛሬ የሚያስታውሰን ሰው ካለ ቀጭን ክራቫታችንንና ሹል ጫማችንን ነው የሚያስታውሰው። ባንዱ ለምን ፈረሰ ሲባል «ዘመኑ አለፈበት» የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። ያፈረስነው እኛው ነን፤ ከእኛም ውስጥ በተለይ እኔ።

ጋሼ ያገኙኝ ወሰን ሰፈር ባለ ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ መኪና ሳቃና ነው። ያኔ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር። ጋሼ የምላቸው እኚህ ሰው በጃንሆይ ጊዜ በወታደር ኦርኬስትራ ጊታር የተጫወቱ፣ በኋላ ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ሜዳ ላይ የቀሩ ናቸው። የመኪናቸውን መከላከያ ሊያሠሩ መጥተው፣ እየቀጠቀጥኩ ስዘፍን ሰሙኝ።

«ይሄ ድምፅ ቆርቆሮ ውስጥ ምን ይሠራል?» አሉ። ጋራዡ በሙሉ ሳቀ።

በወጣትነታቸው ይጫወቱት የነበረውን ሮክና ትዊስት እንደገና ለማንሳት ሰው እያሰባሰቡ ነበር። አራት ሆንን፤ እሳቸው ጊታር፣ እኔ ድምፅ፣ አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ቤዝ ጊታር፣ አንድ ዝምተኛ ልጅ ድራም። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሲግናል ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ እንጫወታለን። ትልልቅ ሰዎች ሚስቶቻቸውን ይዘው ይመጡና ጉልበታቸው እስኪንቋቋ ትዊስት ይደንሳሉ። ደስ ይላል። ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዘፈኖቹ እንግሊዝኛ ናቸው። እኔ እንግሊዝኛ ቀርቶ ሀ ሁ አላውቅም። ጋሼ ይህንን የደረሱበት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ግን አንድ ቀን አልጠየቁኝም። ለሌሎቹ ግጥሙን ገልብጠው በወረቀት ይሰጣሉ። ለእኔ «አንተ ቀደም ብለህ ቤት ና፣ ድምፅህን እናሟሽ» ይሉኛል። ቤታቸው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን ስንኝ በስንኝ ይነግሩኛል፣ እደግማለሁ፣ ትርጉሙን ያስረዱኛል። በቃሌ ይዤው እወርዳለሁ።

ጋራዥ ስገባ «ፈረንጁ መጣ! እስኪ ብሎን በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» ይሉኛል።

«ላንተ ዓይነት ደነዝ አይተረጎምም» እላለሁ። ይስቃሉ። እኔን ጀርባዬን ያልበኛል።

ኋላ ቀበሌው የመለማመጃ አዳራሽ የሚሰጠው ለተደራጀ ብቻ ነው ተባለ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተደራጁ ነበር። ማኅበር ሆንን። ቤዝ ተጫዋቹ «ፊት የሚታየው ዘፋኙ ነው፣ ሊቀመንበር እሱ ይሁን፣ ጸሐፊ እኔ» አለ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ደረቴን ነፋሁ እንጂ።

ይኸው ጸሐፊ ኦርጋን የሚጫወት ጓደኛውን ሊያስገባ ይፈልግ ነበር። ጋሼ «ኦርጋን ለሠርግ ነው፣ ሮክ በጊታር ነው» ብለው እምቢ አሉ። አንድ ቀን ጋሼ ጉንፋን ይዟቸው ልምምድ ሲቀሩ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ጽፎ አመጣ።

«ስለ ኦርጋኑ ነው። አንብበውና ፈርም።»

ድራም ተጫዋቹ አንብቦ ፈረመ፤ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው። እኔ ወረቀቱን ይዤ ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ አመላለስኩ፤ ሰው ሲያነብ አይቼ የተማርኩት ነው። መሐል ላይ አንገቴን ነቀነቅኩ። «ጥሩ ተጽፏል» አልኩ። ጥሩ ተጽፏል! ከዚያ ፈረምኩ። ፊርማዬ ቆንጆ ነበር፤ በአቧራማ መኪና ላይ በጣቴ ስንት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ።

በሳምንቱ የአዳራሹ ዘበኛ ጋሼን «አባል አይደሉም» ብሎ መለሳቸው። ራሳቸው የሰበሰቡት ባንድ አባል አይደሉም ማለት ነው። ቀበሌ አቤት አሉ፤ ተጠራን።

ኃላፊው ቃለ ጉባኤውን ከፋይል አወጣ። «ሊቀመንበር፣ እኚህ አባት በዕድሜና በጤና ምክንያት በገዛ ፈቃዳቸው ለቀዋል ይላል። እሳቸው አልለቀቅኩም ነው የሚሉት። የፈረምከው አንተ ነህ?»

ምን ላይ እንደፈረምኩ ገና ያኔ ሰማሁ። ጸሐፊያችን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ጋሼ ቀስ ብለው «ልጁ ተቻኩሎ ይሆናል። ስንቱ ሰው ሳያነብ ይፈርማል፤ አይደል?» አሉኝ። የማምለጫ በሩን እሳቸው ከፈቱልኝ። እኔ «አዎ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

«እንደዚያ ከሆነ ችግር የለም፣ እሰርዘዋለሁ» አለ ኃላፊው። ወረቀቱን ዘረጋልኝ። «በል አሁን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብና፣ ያልተስማማህበትን ንገረኝ።»

ጥግ ላይ ታይፕ የምትመታው ልጅ ቀና አለች። ወረቀቱን አልተቀበልኩም።

«እኔ ሳላነብ አልፈርምም» አልኩ። «አንብቤ ነው የፈረምኩት።»

ጋሼ አዩኝ። «ይሄ ሰው ማንበብ አይችልም» ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላሉም። ባርኔጣቸውን አደረጉና «እሺ፣ ካልክ ይሁን» ብለው ወጡ።

ባንዱ ከዚያ በኋላ ዓመት አልቆየም። ኦርጋኑ የጊታሩን ቦታ አልሞላም፤ ትዊስት የሚደንሱት ሰዎች አንድ በአንድ ቀሩ፤ ሆቴሉም አሰናበተን። እኔ መዶሻዬን አነሳሁ። ቆይቶ ቀበሌው ለጎልማሶች ትምህርት ሲከፍት ተመዘገብኩ። መምህሯ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። ፊደል ቆጥሬ ስጨርስ፣ በሊቀመንበርነቴ ተሰጥቶኝ የነበረውን የዚያን ቃለ ጉባኤ ግልባጭ አውጥቼ አነበብኩት። አንድ ገጽ ተኩል፣ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ኪሴ ከትቼው ዳገቱን ወጣሁ። ጋሼ ደጃፋቸው ፀሐይ ይሞቃሉ። አርጅተዋል፤ ጣቶቻቸው ተቆልምመዋል።

«ያን ቀን አላነበብኩትም ነበር» አልኳቸው። «ማንበብ አልችልም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን እችላለሁ ጋሼ።»

«እስኪ።»

ወረቀቱን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። «በገዛ ፈቃዳቸው» የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋቸው። «ቀጥል» አሉኝ። ቀጠልኩ። የራሴን ስም፣ «ሊቀመንበር» የሚለውን ጭምር፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው።

«ደህና ታነባለህ» አሉና ተነሥተው ገቡ። ትንሽ ጠበቅኩ፤ አልወጡም።

ቁልቁለቱን ግማሽ ያህል ከወረድኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ ይቅርታ የሚለውን ቃል ከአፌ አላወጣሁም። ማንበቤን ላሳያቸው ነበር የወጣሁት። ልመለስ ብዬ ቆምኩ። ቆሜ ቆሜ ወረድኩ።