የሁለተኛው አልጋ ሂሳብ

በጃንሆይ ጊዜ ብቻዋን መንገድ የወጣች ሴት እንዴት እንደምትበዘበዝ እኔን ጠይቁኝ። ባለበቅሎው ለእኔ ለአንዷ ሲል መሪ ጨምሮ ያስከፍለኛል። የጭነት መኪናው ሾፌር "ሴት ልጅ ከላይ ከጆንያ ጋር አትንገላታም" ብሎ ያዘነልኝ መስሎ ጋቢና ያስገባኝና ዋጋውን ይቆልልብኛል። ነቀምቴ ስገባ ደግሞ ጨለለቂ ሰፈር ያለችው ባለ አልጋ ቤት ትጠብቀኛለች። ክፍሎቿ በሙሉ ባለ ሁለት አልጋ ናቸው። ወንድ ብቻውን ከመጣ ከማያውቀው ወንድ ጋር ታሳድረዋለች፤ ሴትን ግን ከማን ጋር ታሳድር? "እቴ፣ ወይ ጓደኛ ፈልጊ ወይ ሁለቱንም ክፈይ" ትለኛለች ያንን የሸዋ ምላሷን አሹላ። "ባዶ አልጋ ምን በላሽ?" ብላት፣ "ቦታ በላኝ" አለችኝ። ከእሷ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው አላየሁም።

የምመላለሰው ባሌ ሆስፒታል ተኝቶብኝ ነው። ሆዱ ተነፋ፣ እግሩ አበጠ፣ ፊቱ ግን ከቀን ወደ ቀን መነመነ። ሐኪሞቹ "ይቆያል" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራቸውም። እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። አገራችን ኑኑ ቁምባ ያለችውን ሱቃችንን ዘግቼ አጠገቡ እንዳልከርም፣ መድኃኒቱን በምን ልግዛ? ስለዚህ ሳምንቱን ጨውና ጨርቅ ስሸጥ እሰነብትና በነቀምቴ ገበያ ዋዜማ እገባለሁ፤ አስታምሜው፣ ልብሱን አጥቤለት እመለሳለሁ። ለባዶው አልጋ የማወጣው ገንዘብ ከባሌ መድኃኒት ላይ የሚቀነስ ነበር። ማታ ማታ ያንን የተነጠፈ አልጋ ባየሁ ቁጥር የስንት ቀን መድኃኒት እንደሚገዛ አሰላለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለ አልጋ ቤቷ ገና ከበር ስታየኝ ሳቀች። "ነይ፣ ግማሽሽን አገኘሁልሽ!" አለችኝ። አግዳሚው ላይ ጠና ያለች ሴት የቅቤ ቅሏን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከጊምቢ በኩል ነው የመጣችው፤ አንድ ልጇ ታሞ እዚያው ሆስፒታል ተኝቷል። በየገበያው ቀን ቅቤዋን ይዛ ትመጣለች፣ ትሸጣለች፣ ልጇን ጠይቃ ትመለሳለች። እሷም እንደኔ፣ ሌላ ቤት ለባዶ አልጋ ስትከፍል ኖራለች። "አከም ጅርቱ፣ ኢንተላ ኮ" አለችኝ፤ እንደምን ነሽ ልጄ ማለቷ ነው። እኔም አገሩ እናትን እንደሚጠራው "አዮ" አልኳት። እናቴን አንቱ ብዬ ስለማላውቅ እሷንም አንቱ ማለት አልመጣልኝም።

ከዚያ ወዲያ ኑሮ ቀለለልኝ። ክፍሉን ለሁለት፣ አንድ ሳህን ወጥ ለሁለት፣ አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ለሁለት። እሷ አማርኛዋን በኦሮምኛ እየቀጠለች፣ እኔ የገበያ ኦሮምኛዬን በአማርኛ እየጠገንኩ እናወራለን። ጠዋት አብረን ሆስፒታል እንሄድና ግቢው ውስጥ እንለያያለን። የልጇ ሕመም የሳንባ ነው፤ ክፍሉ ከጓሮ ለብቻው የታጠረ ነው። ልጠይቀው ብዬ ስነሳ ተቆጣችኝ። "እንዳትመጪ! በሽታውን ወስደሽ ለባልሽ ልትሰጪው ነው?" አለችኝ። ስለዚህ ልጁን አንድም ቀን አላየሁትም። ረጅም መሆኑን፣ በሬ ሲጠምድ እንደሚያዜም፣ እሷ ሌላ እንደሌላት ግን ከአፏ ሰምቻለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አዮ ፀጉሯን ተላጭታ መጣች። ነጠላዋ ሸርተት ሲል አየሁና "ምነው?" ብላት "ኧረ ቅማል ፈጀኝ!" አለች። ሳቅኩባት። ልብሷ ያው የድሮው ነጭ ነው፤ ምን ልጠርጥር? ከዚያም ለልጇ ታመጣው የነበረውን ጭኮ ለባሌ ማምጣት ጀመረች። አልጋው አጠገብ ትቀመጥና በቅቤ የራሰውን የገብስ ዱቄት በጣቷ እየቆነጠረች ታጎርሰዋለች። እኔ ሳጎርሰው ፊቱን የሚያዞረው ሰውዬ ለእሷ እሺ ይላል። "ልጅሽስ?" ይላታል። "እሱ ጠግቧል" ትለዋለች። "እንግዲህ ተሽሎታል ማለት ነው" አለኝ ባሌ አንድ ቀን፣ ቅናት ቢጤ እያደረገው።

እኔም ሌላ ነገር ፈርቼ ነበር። ልጇ ድኖ ይዛው ከሄደች እኔ ወደ ባዶው አልጋ ልመለስ ነው። አንድ ማታ እየተኛን በቀልድ መልክ "አዮ፣ ልጅሽ ተሽሎት ከወጣ እኔን ለማን ልትሰጪኝ ነው?" አልኳት። እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ፊቴን ሳዞር "አልተውሽም" አለችኝ ከወዲያኛው አልጋ። እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ባሌ የሞተው በገበያው ቀን ጠዋት ነው። እኔ ወተት ይዤ ስገባ ፍራሹ ተገልብጧል። ወተቱ የት እንደወደቀ አላውቅም። ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተንከባልዬ ስጮህ የማላውቃቸው ሰዎች እጅ እጄን ያዙኝ። እንዴት ያለ ሰው መሰላችሁ! ከገበያ ሲገባ ከደጅ ጀምሮ የሚጠራኝ፣ ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ አንድ ቀን ፊት ያላጠቆረብኝ ሰው ነበር። ማን አለኝ ከእሱ ሌላ?

አዮ ወሬው ገበያ ድረስ ደርሷት በሩጫ መጣች። እኔን ታነሳኛለች ስል ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፍፋ ጣለችና ደረቷን ትደቃ ጀመር። "ያ ኢልማ ኮ! ያ ኢልማ ኮ!" አለች፤ ልጄን፣ ልጄን! ባሌን እንደ ልጅ አይታው ነው ብዬ የበለጠ አለቀስኩ። ሰዎች ሊይዟት ሲሄዱ ግን የግቢው ዘበኛ ከለከላቸው። "ተዉአት ታልቅስ። ልጇ የሞተ ጊዜ ድምፅዋን አላሰማችም" አላቸው።

ለቅሶዬ ቆመ። ቀና ብዬ ያንን የተላጨ ራሷን አየሁት።

አስከሬኑን የሚወስድልን መኪና እስኪመጣ ግንቡን ተደግፈን ጎን ለጎን ተቀመጥን። "አዮ፣ መቼ ነው?" አልኳት። "ክረምቱ ሳይወጣ" አለች። ያ ሁሉ ገበያ፣ ያ ሁሉ ጭኮ! "ታዲያ እንዴት አትነግሪኝም?" ብላት የሞኝ ጥያቄ የጠየቅኳት ያህል አየችኝ።

"አስታማሚ ፊት ሞት ይወራል እንዴ? አንቺ ባልሽን ልታድኚ ስትመጪ 'የእኔ ሞተ' ልበልሽ? ከሉንም መንገድ ላይ እያወለቅሁ ነው የምገባው።" አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ደግሞስ ብቀር ሁለቱንም አልጋ ልትከፍይ አልነበር?"

እቅፏ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ለባሌም፣ ለማላውቀው ረጅም ልጅም አለቀስኩ። እሷም ጭንቅላቴን እያሻሸች ገና ዛሬ እንደሞተባት ሰው አነባች።

መኪናው መጣ። ወንዶቹ ባሌን በጋቢው ጠቅልለው ከላይ ጫኑት። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ "ጋቢና የሚገባው ስንት ሰው ነው?" አለ።

"አንድ" አልኩት፤ የለመደ አፌ ነው።

"ሁለት ነን" አለችው አዮ፣ እኔን ወደ ውስጥ እየገፋች።

"አዮ፣ ያንቺ መንገድ እኮ በጊምቢ ነው።"

"እዚያ ደግሞ ማን አለኝ?" አለችና አጠገቤ ገብታ በሩን ዘጋችው።