በሰኔ ሚካኤል የገባው ፒን

ባዩ ተቀምጦ በልቶ አያውቅም። ሚስቱ ወይዘሮ ተሾመች መካነ ኢየሱስ ከተማ ለጎረቤቶቿ «የእኔ ሰውዬ ምሳውን የሚበላው ግቢውን እየዞረ ነው» እያለች ታስቃቸዋለች። በልጅነቱ ዳዊት ሳይደግም ከቄስ ትምህርት ቤት ኮበለለ። ቀጥሎ የመንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኛ ሆነ፤ ዘበኝነት ቁጭ ማለት ስለሚበዛበት ማሽን ማጠብ ጀመረ፤ ከማጠብ መፍታት፣ ከመፍታት መንዳት ተማረ። የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ከሆነ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በእነዚህ ዓመታት በአንድ ካምፕ ሁለት ክረምት አልደገመም፤ አንድም ማሽን ግን በእጁ አልጠፋም። የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይኸው ነበር።

ሰኔ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ከንፋስ መውጫ ወደ ወገዳ በሚወስደው መንገድ፣ ወንዝ ውስጥ ገብቶ የድልድይ መሠረት ሲቆፍር ዋለ። የሥራ ጓደኞቹ ለሰኔ ሚካኤል ወደ ከተማ ሲወጡ «ማሽኑን ከወንዙ አውጥተህ ና» ብለውት ነበር። እሱ ግን አንድ ዙር ልጨምር አለ፤ ከዚያ ሌላ አንድ። ማሽኑ የሚሄድበት የግራው ሰንሰለት መላላቱን እያወቀ ማሽኑን ድንጋይ ላይ ባለበት አሽከረከረው። ሰንሰለቱ ከመንኮራኩሩ ሾልኮ ወጣ፤ መካከሉ ላይም ድንጋይ ተሰነቀረ። ድንጋዩን ለማላቀቅ የሰንሰለቱን ሁለት ጫፎች የሚያያይዘውን፣ የእጅ አንጓ የሚያህለውን ፒን በመዶሻ መትቶ አስወጣ። ድንጋዩ ወጣለት። ፒኑ ግን ተመልሶ አልገባ አለ፤ መሸበትም።

በማግስቱ ማለዳ ጉና ተራራ ላይ ጥቁር ደመና ተጎልቷል። እዚያ ከዘነበ ከሰዓት በኋላ ደራሽ ውሃ እዚህ ነው። ባዩ መዶሻውን አንስቶ ገና አንዴ ሲመታ ከዳገቱ ላይ ድምፅ መጣ።

«አንተ ሰው፣ በሚካኤል ብረት ትመታለህ?»

የተጣራው ታፈረ ነው፤ ከወንዙ በላይ ያለው የበልግ ገብስ ባለቤት። ገብሱ ነጥቶ ማጭድ ይጠብቃል። በዚያ አገር በዓል ሲሻር በረዶ ይወርዳል ይባላል፤ በረዶው ደግሞ የሻረውን ሰው ለይቶ አይመታም። ተጨቃጨቁ፤ አልተስማሙም። በመጨረሻ ሁለቱም ዳገቱን ወጥተው መሪጌታ ቀለመ ወርቅን ከቅዳሴ ሲወጡ የቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ላይ አገኟቸው።

«መሪጌታ፣ በሬ በሰንበት ጉድጓድ ቢገባ አይወጣም እንዴ?» አለ ባዩ፣ መቆም አቅቶት እግሩን እየቀያየረ።

«ይወጣል እንጂ፤ ወንጌል ነው። ያንተ በሬ ምን ይበላል?»

«ናፍታ።»

በዙሪያቸው የቆሙት ሳቁ። ታፈረ አልሳቀም። «ገብሴ ሲመታ ለልጆቼ ናፍታ ሊያጠጣልኝ ነው?» አለ።

«ውሃ ከወሰደብኝ» አለ ባዩ፣ «ከእንግዲህ ማንም ማሽን አያስነካኝም። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፣ አባቴ።»

መሪጌታ ወደ ጉና አሻቅበው አዩ። «አውጣው። ከማውጣት ያለፈች አንዲት ምት ግን ሥራ ናት፤ እሷን አልፈቅድልህም። ታፈረ፣ አንተ አጠገቡ ቆመህ እየው።»

ባዩ እየሮጠ ወረደ። የማሽኑን ክንድ ወደ ጎን አዙሮ መሬቱን ሲጫነው የግራው ጎን ከመሬት ብድግ አለ፤ ሃያ ቶን ብረት ክርኑን ተደግፎ እንደሚነሳ ሰው። የሰንሰለቱን መወጠሪያ ከፍቶ ግራሶውን አፈሰሰ፤ የፊተኛው መንኮራኩር ወደ ኋላ ሸሸ። የኋለኛውን ቀስ እያለ እያዞረ ሰንሰለቱን በላይ በኩል አሳለፈው። ሁለቱን ጫፎች በሽቦ ገመድ ጎትቶ አገናኘ፤ የዲጂኖውን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ሰዶ አስተካከላቸው።

«ይሄ ሁሉ ለአንዲት ቀዳዳ?» አለ ታፈረ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ።

«ቀዳዳው ከፒኑ የፀጉር ያህል ይጠባል። ባይጠብ ፒኑ መንገድ ላይ ይወድቅ ነበር።»

«ታዲያ በምን ሊገባ?»

«ቀዳዳውን በእሳት አሰፋዋለሁ፤ ፒኑን በብርድ አቀጥነዋለሁ።»

«ብረት በብርድ ይከሳል?»

«ይከሳል።»

ታፈረ ባዩ የሚያሾፍበት መስሎት ፊቱን አዞረ።

ባዩ ናፍታ የነካ ጨርቅና እንጨት ከቀዳዳው ሥር አነደደ። ወንዝ ውስጥ የነከረውን ፒን አውጥቶ መታ። ፒኑ ጣት ያህል ገብቶ ቀጥ አለ። የወንዙ ውሃ በቂ ብርድ አልነበረውም። መልሶ አስወጣው። ማሽኑን ዞረ፣ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ እንደገና ዞረ። ውሃው ከማለዳው ይልቅ ቀይ ሆኗል።

ያኔ አንዲት ነጭ ጠጠር ቆቡ ላይ ነጠረች፤ ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ሰማዩ ተገለበጠ።

ባዩ ሳያስበው ሳቀ። ባልዲ ይዞ በረዶውን በሁለት እጁ አፈሰ፤ ፒኑን በውስጡ ቀበረ። አገር የሚፈራው ነገር ለእሱ ብቻ የተላከለት መሰለው። ቀና ሲል ግን እሳቱ እየጨሰ ሊጠፋ ነው። ቀዳዳው ከቀዘቀዘ የፒኑ መክሳት ዋጋ የለውም።

ታፈረ ተነሳ። ለድልድዩ ከተከመረው ሲሚንቶ ላይ መሸፈኛውን ቆርቆሮ ጎትቶ እሳቱ ላይ በሁለት እጁ ዘረጋው። በረዶው ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ ይደበድባል፤ የእሱ ዓይን ዳገቱ ላይ ነው፤ ገብሱ ረድፍ በረድፍ ሲተኛ ያያል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ፣ ዓይኑን ሳይነቅል። «ምታው።»

ባዩ ፒኑን አውጥቶ መታ። በአራተኛው ምት ፒኑ ሙሉ በሙሉ ገባ። ግራሶ ሞልቶ ሰንሰለቱን ወጠረ፤ ታፈረን ከጎኑ አሳፍሮ ማሽኑን ዳገቱ ላይ አወጣው። ብዙም ሳይቆይ ደራሹ ቅርንጫፍና ድንጋይ እየገፋ መጣ፤ ማሽኑ ቆሞበት የነበረውን ቦታ ጠርጎ ሄደ።

በረዶው አባርቷል። ከገብሱ ማሳ ላይ ቀጭን ጉም ይነሳል። ማለዳ ወርቅ የመሰለው አዝመራ ጭቃ ላይ ተለጥፏል።

«በረዶው ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ ባዩ። ማንም ሳይጠይቀው ነው የተናገረው።

«አይቼሃለሁ።»

ባዩ ሌላ ነገር ጠበቀ፤ ስድብ ቢሆን እንኳ ደስ ባለው። ሞተሩ አሁንም ያጓራል። በነጋታው ማለዳ እስቴ ወዳለው ሌላ ሥራ ሊሻገር ጓዙን ጠቅልሎ ነበር።

«የወደቀው ገብስ ጭቃው ላይ ሳይበቅል ነገውኑ መታጨድ አለበት» አለ ታፈረ። «ማጭድ ትይዛለህ?»

«ድሮ እይዝ ነበር።»

«ጎንበስ ማለት ትችላለህ ወይስ እያጨድክም ትዞራለህ?»

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው ይህን አጥፋው። በዓል ነው።»

ባዩ ቁልፉን አዞረ። ዝምታው ሲመጣ እጆቹን የት እንደሚያሳርፍ አላወቀም፤ ከታፈረ ጎን ተቀምጦ ወደ ገብሱ ማየት ጀመረ።